ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ፤ ራም ልጨምር ወይስ ፕሮሰሰር ልቀይር?

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍበት ገና ሳያስመረምር «ራም ጨምሩልኝ» ብሎ ሱቅ ይገባል። ሌላው ደግሞ ፕሮሰሰሩን ይጠረጥራል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት፣ ማሽኑ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ) እና ዲስክ ምን ያህል እንደተያዙ ታያላችሁ። ዊንዶውስ ገና እንደተነሳ ግን አትፍረዱ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ይጨናነቃል።

ታብ ሲበዛ ሃንግ ያደርጋል

ሜሞሪው 90 በመቶ ደርሶ ሲፒዩው 20 ወይም 30 ላይ ከሆነ ጥፋቱ የራም ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ያልበቃውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ዲስኩ የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ እሱም 100 በመቶ ይልና ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። 4 ጊጋ ያለው ወደ 8 ከፍ ቢያደርግ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ከ8 ወደ 16 መሄድ ግን፣ ሜሞሪው በእርግጥ የሚሞላበት ሰው ካልሆነ፣ አያስቸኩልም።

ራስ ምታቱ ያለው ዓይነቱን በመምረጥ ላይ ነው። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የራም ትውልዶች ናቸው። ዲዲአር 4 ራም በዲዲአር 3 ቦታ አይገባም፤ ጥርሱ መሃል ያለው ክፍተት ቦታው ይለያል። በግድ አትጫኑት። ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 እና ጂ2 ላፕቶፖች የሚፈልጉት በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር 3ኤል ነው። ባለ 1.5 ቮልቱ ተራ ዲዲአር 3 ልክክ ብሎ ቢገባም ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ጂ3 ደግሞ ዲዲአር 4 ነው። ስንት የራም ቦታ እንደተያዘ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ተጽፏል።

ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። መጀመሪያ ወደ 64 ቢት ቀይሩት።

ራም ከገባ በኋላ አልነሳም ካለ ወይም ጢጥ ጢጥ ካለ፣ አጥፍታችሁ፣ ቻርጀሩንና ባትሪውን አላቃችሁ፣ ራሙን አውጡት። የወርቅማውን ጥርስ በንጹህ ላጲስ ጠረግ አድርጋችሁ በደንብ እስኪቀመጥ መልሱት። ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ነው።

ሜሞሪውም ሲፒዩውም አልተጨናነቁም፣ ዲስኩ ግን 100 በመቶ

ሁለቱንም አትግዙ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀይሩ። ለእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የሚያስደስተው ይሄ ነው።

ሲፒዩው 100 በመቶ ነው

መጀመሪያ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው እዩ። አፕዴት ወይም አንቲቫይረስ ከሆነ ታገሡት። ቀጥሎ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩውን ፍጥነት ተመልከቱ። ባለ 2 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር ሥራ በዝቶበት እያለ 0.8 አካባቢ ተጣብቆ ከቀረ፣ የሆነ ነገር አስሮታል ማለት ነው። አንዱ ሙቀት ነው፤ ፋኑን ከአቧራ ያስጸዱ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት እንዲያስተላልፍ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ቅባት) ያስቀይሩ። ሌላው፣ ማንም የማይጠረጥረው፣ ቻርጀር ነው። ዴል ላፕቶፖች ቻርጀሩን ካላወቁት ፕሮሰሰሩን ሆን ብለው ያዘገዩታል። የሚሠራ ኦሪጅናል ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ኤዲት አድርጋችሁ ስታወጡ፣ በሙሉ ፍጥነቱም 100 ላይ ከቆመ አቅሙ አልቋል። ላፕቶፕ ከሆነና የፕሮሰሰሩ ስም በ«ዩ» ፊደል ካለቀ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ለመቀየር አታስቡ። ዴስክቶፕ ላይ ግን መንገድ አለ። የ2012ቱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ያለውን ባለ 2 ኮር አይ3 አውጥቶ ባለ 4 ኮሩን አይ7-3770 ማስገባት ይቻላል። የኢንቴል 2ኛና 3ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት መቀመጫ ይጋራሉ። 4ኛው ትውልድ ግን እዚያ አይገባም።

ቢሆንም ይሄ ፕሮሰሰር አይ7 ቢሆንም 3ኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ ከኢንቴል በኩል የሚፈልገው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት ያገለገለ የ8ኛ ትውልድ ማሽን ዋጋ ጠይቁ። አሁን ያላችሁ ላፕቶፕ ዲዲአር 4 ከሆነ፣ አዲሱም የሚነቀል ዲዲአር 4 የሚወስድ ላፕቶፕ እስከሆነ ድረስ ራሙን ነቅላችሁ ታዛውሩታላችሁ። ዲዲአር 3 ከሆነ ከነማሽኑ ሽጡት።