ሌባው ቶሎ እንዳይነቃበት፦ በልብስ፣ በዕቃና በካሜራ የትሪለር ገጸ ባህሪ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር በስልክ የ6 ደቂቃ ትሪለር፣ ማለትም ልብ አንጠልጣይ ፊልም፣ ሠርተን ነበር። የዕቁብ ብር ይጠፋል፤ ማን እንደወሰደው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ እንደዚያ ነበር ያሰብነው። ለዘመድ ስናሳይ ግን ጥቁር ጃኬትና ጥቁር መነጽር ያደረገው ልጅ ገና በሩን ሲከፍት አክስቴ "ይሄ ነው የወሰደው!" አሉ። አለቀ። የቀረውን ቡና እየጠጡ፣ እያወሩ ነው ያዩት።

ጥፋቱ የተዋናዩ አልነበረም። ልብሱ፣ በእጁ የያዘው ዕቃና ካሜራው ሦስቱም አንድ ነገር ይጮሁ ነበር። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ላይ ሦስቱ ባይስማሙ ይሻላል። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ልብሱ ይዋሻል፣ ዕቃው ያሳብቃል፣ ካሜራው ደግሞ ተመልካቹ ምን ያህል ይወቅ የሚለውን ይወስናል። ያንኑ የዕቁብ ታሪክ ይዘን እንየው።

1. ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት መስመር ጻፉ

አንዱ "ለሰው ምን ይመስላል?" ነው። ሌላው "ውስጡ ምን አለ?" ነው። የዕቁቡ ዳኛ የተከበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ይመስላሉ። ውስጥ ውስጡን ግን ዕዳ አንገታቸው ደርሷል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ከሆኑባችሁ ያ ሰው ለትሪለር ገና አልበሰለም።

2. ልብሱን ከመጀመሪያው መስመር ምረጡ

ዳኛው ንጹህ ነጭ ጋቢ ይልበሱ። ግን ልብ በሉ፤ ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ጋቢ የማይለብስ የለም። ስለዚህ ጋቢው ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሚናገረው አለባበሱ ነው። መጀመሪያ ትከሻቸው ላይ ጣል ያድርጉት። ብሩ ከጠፋ በኋላ በዚያው ጋቢ እስከ አፍንጫቸው ይከናነቡ። ወጪ የለውም።

ነጠላም እንደዚሁ ነው። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ላይ የጠቀለለች ሴት ስታዩ ለቅሶ እንዳለባት ማንም አይነግራችሁም፤ ታውቃላችሁ። የማን ለቅሶ? ተመልካቹ ይህን ሲጠይቅ ተያዘ ማለት ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 በሠራው "ሳይኮ" ፊልም ላይ ብር የምትሰርቀዋን ሴት ከስርቆቱ በፊት በነጭ፣ ብሩን ከወሰደች በኋላ በጥቁር የውስጥ ልብስ ያሳያታል። የጥቁርና የነጭ ነገር ያን ያህል ቀላል ነው። ቢሆንም ደጋግማችሁ አትጠቀሙበት።

የመንዝ በርኖስስ? እሱን ለክፉው ሰው ማልበስ ስንፍና ነው፣ አያቶቻችንንም ማስቀየም ነው። ለማሳሳቻ ግን ግሩም ነው። ጣርማ በር ላይ፣ ሲመሻሽ፣ ጥቁር በርኖስ የለበሰ ሰው ከጉም ውስጥ ይውጣ። ሁሉም ይጠረጥረዋል። ከዚያ በርኖሱን አውልቆ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ያልብሰው።

3. ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ፣ ሦስት ጊዜ

ዕቃውን ከሁለተኛው መስመር ምረጡ። ለዳኛው የዕቁቡን ሳጥን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አሰርንላቸው። ማተብ አጠገብ ያለን ነገር ማን ይጠረጥራል? መጀመሪያ ጎንበስ ሲሉ ቁልፉ ይወዛወዛል፤ ተራ ነገር ነው። ቆይቶ ፊታቸውን ሲታጠቡ አንገታቸው ላይ የለም። ሦስተኛ ጊዜ የምናየው ሳጥኑ ላይ ተሰክቶ ነው።

ዕቃው ግን መታየት አለበት። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1941ዱ "ሰስፒሽን" ፊልም ላይ ተጠርጣሪው ባል ለሚስቱ ይዞት የሚወጣው የወተት ብርጭቆ ውስጥ አምፖል አስገብቶ ነበር፤ ዓይን ከብርጭቆው እንዳይነቀል። የእኛ ቁልፍ ዝጎ ፍሬሙ ውስጥ ጠፋብን። በአመድ ፈትገን መብራቱን ከጎን ስናደርግለት አበራ።

ከእያንዳንዱ ሾት (ሳይቋረጥ አንዴ ከተቀረጸ ምስል) በኋላ ፎቶ አንሱ። እኛ ሳናነሳ ቀርተን የአረቄው መለኪያ አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ግማሽ፣ ከዚያ ተመልሶ ሙሉ ሆነ። የደብረ ብርሃን አረቄ ብዙ ይባልለታል፣ ራሱን ሲቀዳ ግን አልሰማሁም።

4. ካሜራውን መጨረሻ ላይ አስቀምጡ

ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ ሰው ይገዝፋል፣ ከላይ የተቀረጸ ያንሳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚከብደው መቼ መቀየር እንዳለበት ማወቁ ነው። መደብ ላይ ተቀምጣችሁ የቆሙትን ዳኛ ቅረጹ፤ ይከበራሉ። ማተባቸው ባዶ ሆኖ ከታየበት ሾት ጀምሮ ስልኩን ከፍ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ።

ካሜራን አዘንብሎ መቅረጽ ለአንድ ፊልም አንዴ ይበቃል። ሲበዛ ስልኩ የወደቀ ነው የሚመስለው።

ፊት ላይ ተጠግቶ በሰፊው ሌንስ መቅረጽ አፍንጫ ያሳብጣል። ማስፈራራት ካልፈለጋችሁ ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፉ ሌንስ አንሱ። ጉም ውስጥ ደግሞ ስልኩ ብርሃኑን በራሱ እየቀያየረ ያስቸግራል፤ ስክሪኑን ተጭናችሁ ቆልፉት። ሌንሱንም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

ከሁሉ የምወደው ፊት የሌለበት ሾት ነው። እጅና ቁልፍ ብቻ። ይህችን ሾት ቀድማችሁ ካሳያችሁ ተመልካቹ ከዕቁብተኞቹ በፊት አውቆ ይጨነቃል። ከደበቃችሁት መጨረሻ ላይ ይደነግጣል። እኔ ጭንቀቱን እመርጣለሁ፤ ረጅም ነው።

5. ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩ

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አቁሙና ማንን እንደሚጠረጥር ጠይቁት። እኛ አዲሱን ቅጂ ይዘን ወደ አክስቴ ቤት ተመለስን። ዝም ብለው አዩ። ሲኒው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ "እኚህ ሰውዬ ቁልፋቸውን የት ጣሉት?" አሉ።