ስለ አትማንና ብራህማን ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ዮጋ ማለት የግለሰብ ነፍስ ከዓለም ነፍስ ጋር መዋሃድ ነው።» ይህን አባባል በየዮጋ ክፍሉ እሰማዋለሁ። የሚናገረው በሂንዱ ትምህርት አትማን ስለሚባለው የሰው ውስጠኛ ራስና ብራህማን ስለሚባለው የሁሉ መሠረት ነው። እኔም ለጀማሪዎች ስደጋግመው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ «ፓታንጃሊ የቱ ላይ ነው እንዲህ ያለው?» አለችኝ። የዮጋ ዋነኛ ጥንታዊ ጽሑፍ የሆነውን የፓታንጃሊን ዮጋ ሱትራ ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩ። የለም።

ፓታንጃሊ የሚለው ሌላ ነው። በእሱ ዘንድ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ፑሩሻ ነው፤ የሚያየው። ሌላው ፕራክሪቲ ነው፤ የሚታየው ተፈጥሮ። ሥቃያችን የሚመጣው ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው። ስለዚህ ሥራው መለየት ነው። የመጨረሻው ግብ ካይቫልያ ይባላል፤ ቃሉ ራሱ «ብቻ መሆን» ማለት ነው። ደግሞም ፑሩሻ ብዙ ነው። ነጻ የወጣው ሌላው ውስጥ አይሟሟም። ኢሽቫራ የሚባለው ጌታ እንኳ ልዩ ፑሩሻ ነው እንጂ ሌሎቹ የሚገቡበት ባሕር አይደለም። የአንድነቱ ትምህርት የመጣው ኡፓኒሻድ ከሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍትና እነሱን ከሚያብራራው የፍልስፍና ወገን ከቬዳንታ ነው። የፓታንጃሊም የቬዳንታም ትምህርት ድንቅ ነው። አንድ ላይ ሲቦኩ ግን የሁለቱም ጣዕም ይጠፋል። እባካችሁ አትደባልቋቸው።

ብራህማን፣ ብራህማ የሚባለው ፈጣሪ አምላክና ብራህሚን የሚባለው የካህናት ወገን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አትማንን «ነፍስ» ብሎ ማለፍም ያሳስታል። ነፍስ በእኛ ቋንቋ ትወጣለች፣ ትጠፋለች፣ ይማራት ይባላል። ከአካል ወደ አካል የምትዞረዋ ጂቫ ለዚህ ትቀርባለች። አትማን ግን በሳንስክሪት ተራ ቃልም ነው፤ «ራሴን አየሁ» ስንል «ራስ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። እኔ «ራስ» ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ተማሪዎቼ ቶሎ ይገባቸዋል።

አእምሮን አትማን ማድረግ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው፤ አልቆጣም። ካታ ኡፓኒሻድ ውስጥ ያለውን ሠረገላ አስቡ። አካል ሠረገላው ነው። ስሜት ሕዋሳት ፈረሶቹ፣ አእምሮ ልጓሙ፣ ማስተዋል ነጂው። አትማን ከኋላ የተቀመጠው ባለቤት ነው። ብዙዎቻችን ነጂውን እያየን ባለቤቱን ያገኘን ይመስለናል።

አትማንና ብራህማንን የሚያገናኘውን «ያ አንተ ነህ» የሚለውን የኡፓኒሻድ ቃል ደግሞ «እኔ አምላክ ነኝ» ብሎ ለመኩራሪያ የሚጠቀምበት አለ። ይህ ያሳዝነኛል። በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ኡዳላካ ይህን ለልጁ ለሽቬታኬቱ ዘጠኝ ጊዜ ይነግረዋል። ልጁ ተምሮ፣ ኮርቶ ነበር የመጣው። አባቱ ማታ ጨው ውሃ ውስጥ ጨምር አለው። ጠዋት ጨውን አምጣልኝ ሲለው ልጁ አጣው። ከላይ ቢቀምስ ጨው፣ ከመሐል ጨው፣ ከታች ጨው። ትምህርቱ የተሰጠው ኩራቱን ለማብረድ ነበር።

የመጨረሻው ስህተት ሂንዱዎች ሁሉ «ያ አንተ ነህ» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ ይስማማሉ ማለት ነው። ሦስት የቬዳንታ መምህራንን እንይ። ሻንካራ አትማንና ብራህማን ፈጽሞ አንድ ናቸው አለ። ራማኑጃ ነፍሳት የብራህማን አካል ናቸው፣ ግን ልዩነታቸው አይጠፋም አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው ማድቫ ደግሞ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አነበበ። በሳንስክሪት ቃላት ሲነበቡ ይጣበቃሉ፤ ከዓረፍተ ነገሩ ቀድሞ ያለው ቃል «አ» ድምፅ ላይ ያልቃል፤ ቃል መጀመሪያ ላይ የሚገባ «አ» ደግሞ «አይደለም» ማለት ነው። ስለዚህ ቃላቱ የሚለያዩበትን መቁረጫ በአንድ ድምፅ ብቻ ቢያንቀሳቅሰው «ያ አንተ አይደለህም» ሆነለት።