የቦይለሩ ዘንግ

ፒያሳ ያለው ቤታችን ቦይለር ዝገት የቀላቀለ ውኃ ማውረድ ሲጀምር ጥፋቱ የኔ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ከፍቼ አላየሁትም። ውስጡ የማግኒዥየም ዘንግ አለ፤ ሥራው በታንኩ ፈንታ መበላት ነው። እሱ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ይሆናል።

በዓመት አንዴ እዩት። ብሬከሩን አውርዱ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ አይበቃም። ሲቀዘቅዝ የውኃ መግቢያውን ዝጉና አራግፉት። ውኃውን በባልዲ ያዙት፣ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች መድፋት ነውር ነው።

የኔው ዘንግ የታሰረው ከሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውኃውን ከሚያሞቀው ክፍል ጎን ነው። ሳወጣው የተጋጠ አጥንት መስሏል፤ መሃሉ ያለው ሽቦ ገጦ ይታያል። እናንተ እዚህ ሳይደርስ፣ ግማሹ ሲያልቅ ቀይሩት። ዚንክ ለባሕር ውኃ ነው፤ ለቧንቧችን ማግኒዥየም ግዙ። የጎማ ማሸጊያውም አብሮ ይቀየር።

ስትጨርሱ መግቢያውን ክፈቱ፤ ከሙቅ ውኃው ቧንቧ ውኃ አየር ሳይቀላቀል እስኪፈስ ብሬከሩን አትንኩ። ባዶ ታንክ ውስጥ ሬዚስታንሱ ወዲያው ይቃጠላል።