«ሰርከምስክራይብ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት በትክክል እንጠቀምበት?

ይህ ግስ በጨዋታ መሃል አይሰማም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ወይም የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የሚተረጉም ሰው ግን ማግኘቱ አይቀርም። ብዙዎች «ከለከለ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ስህተቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን ለሁለት ክፈሉት። ምንጩ ላቲን ነው፤ «ሰርከም» ዙሪያ፣ «ስክራይብ» ደግሞ ጻፈ፣ አሰመረ ማለት ነው። በጂኦሜትሪም የሦስት ማዕዘንን ሦስቱንም ጫፎች ነክቶ የሚያልፍ ክብ መሥራት በዚሁ ግስ ይጠራል። ማሳ በድንጋይ ካብ ሲታጠር በውስጡ ማረስ አልተከለከለም፤ ዳር ተበጀለት እንጂ። በአማርኛ የሚቀርበው «ገደበ» ወይም «ወሰን አበጀለት» ነው።

ቀጥሎ ከዘመዶቹ ለዩት። መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ በነባሩ የአጠባበቅ ሥርዓት ግን ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ማኅበረሰቡ ሲወስን ይከፈታል። ባለመብቱ መብቱን አላጣም፤ መቼ እንደሚያጭድ ግን ተወስኖበታል። ስለዚህ «ዘ ራይት ቱ ከት ግራስ ኢዝ ሰርከምስክራይብድ ባይ ኮሚዩኒቲ ሩልስ» ቢባል ልክ ነው። «ፕሮሂቢትድ» ቢባል ጭራሽ የተከለከለ ይመስላል። «ከርቴይልድ» ቢባል ደግሞ ከነበረው ላይ ተቀነሰ ወይም ተቆረጠ ማለት ይሆናል፤ ይህ ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገሩን መገንባት ነው። ግሱ ሥልጣንን፣ መብትን፣ ነፃነትን ወይም የሥራ ድርሻን ይገድባል። ሰውን በቀጥታ ተሳቢ አድርጋችሁ «ሂ ሰርከምስክራይብድ ሚ» ብትሉ ለጆሮ ይጎረብጣል፤ «ማይ ፍሪደም» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ በተደራጊ መልክ ይመጣል፣ ገዳቢው ደግሞ ከ«ባይ» በኋላ ይከተላል። «ሪስትሪክት» «ቱ»ን፣ «ፕሪቨንት» «ፍሮም»ን ያስከትላሉና ብዙዎች እነዚህን መስተዋድዶች ወደዚህ ያመጧቸዋል፤ እዚህ አይገቡም። ገደቡ የጠበቀ መሆኑን ለማሳየት «ሲቪርሊ» ወይም «ናሮውሊ» ከፊቱ ይገባል።

አጻጻፉ 12 ፊደል ነው፦ ሲ፣ አይ፣ አር፣ ሲ፣ ዩ፣ ኤም፤ ከዚያ ኤስ፣ ሲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ፣ ኢ። ሲነገር ጫናው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል፤ «ቢ»ም ትሰማለች።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ፦ «ሰርከምሳይዝ» መግረዝ ነው። ችኩል እጅ አንዱን በሌላው ቦታ ከጻፈ፣ የፊደል ማረሚያው ሁለቱንም ትክክለኛ ቃል ብሎ ያሳልፋቸዋል፤ ስለዚህ በዓይናችሁ አረጋግጡ። «ሰርከምቬንት» ደግሞ ደንብን በዘዴ ዞሮ ማለፍ ስለሆነ ትርጉሙን ገልብጦ ያመጣዋል።

ለወዳጅ በምትጽፉት መልእክት ግን «ሊሚት» ይበቃል።