ድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ፦ ችግሩ የቱ ክፍል ላይ እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ላፕቶፕ ሥራ መሀል ድርግም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዊንዶውሱን ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ተደርጎ ያው ነገር ሲደገም ደግሞ "ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚገናኝበት ዋናው ሰሌዳ) ሄዷል" ይባላል። በሁለቱ መካከል ግን ሳይፈተሹ የሚቀሩ ብዙ ነገሮች አሉ። አብዛኞቹን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ ምንም ሳታወጡ መፈተሽ ትችላላችሁ።

ከጅምሩ አንድ ነገር ያዙልኝ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ከዚያ ለውጡን ጠብቁ። ራሙን (ጊዜያዊ ሜሞሪውን) ነቅላችሁ፣ ፋኑን አጽድታችሁ፣ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አድሳችሁ ላፕቶፑ ቢድን የቱ እንዳዳነው አታውቁም። ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ

ላፕቶፑ አሁን የሚነሳ ከሆነ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ክላውድ ገልብጡ። ቀጥሎ ያሉት ፍተሻዎች ማሽኑን ሆን ብለው የሚያደክሙ ናቸው። ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ፍተሻው መሀል ላይ ሊሞት ይችላል። የሚነሳው አልፎ አልፎ ከሆነ ሰነድና ፎቶ ይቅደም፤ ፊልሙ ይቆይ።

ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ አግኝታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ውስጥ አንዳንድ ነገር ስትነኩ ላፕቶፑ ይህን ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል።

አጠፋፉን አስተውሉ

ከፍተሻው ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። "ይጠፋል" የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል።

አንደኛው ያለ ምንም መልእክት ድርግም ማለት ነው። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ፋኑ ይቆማል፣ በቃ። እዚህ ላይ የሚጠረጠሩት ሙቀትና የኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው፤ ማለትም ባትሪው፣ ቻርጀሩ ወይም የቻርጀር መሰኪያው።

ሁለተኛው ሰማያዊ ስክሪን ነው። በቅርቡ በወጡት የዊንዶውስ 11 ዝማኔዎች ላይ ቀለሙ ጥቁር ሆኗል። እዚህ ኃይል አልተቋረጠም፤ ዊንዶውስ ራሱ ችግር አይቶ ሥራውን አቁሟል። ራም፣ ዲስክ ወይም ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቶሎ እያለፈ ካስቸገራችሁ "ሲስተም ፕሮፐርቲስ" ውስጥ "አድቫንስድ"፣ ከዚያም "ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ" ግቡና "አውቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ።

ሦስተኛው ስታክ ማድረግ ነው። ስክሪኑ እንደበራ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል፤ ድምፅ ካለም እዚያው ላይ ይደጋግማል። ማውሱ እየተንቀሳቀሰ ምንም ፕሮግራም አልከፍት ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስኩን ነው። ማውሱም አብሮ ከደረቀ ራሙና ግራፊክሱም ይጠረጠራሉ።

በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበር፣ ቻርጀር ተሰክቶ እንደነበርና ግሎ እንደነበር ጻፉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማስታወሻው ራሱ መናገር ይጀምራል። ከባድ ሥራ ላይ ብቻ የሚጠፋ ላፕቶፕ ወደ ሙቀት ወይም ወደ ኃይል ይጠቁማል። ከጠረጴዛ ሲነሳ ወይም ክዳኑ ሲነካ የሚጠፋው ደግሞ የላላ ነገር አለበት።

ዊንዶውስ የመዘገበውን አንብቡ

በመፈለጊያው "ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ" የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። የየቀኑን ብልሽት በሰንጠረዥ ያሳያችኋል። ችግሩ አዲስ ፕሮግራም ወይም ዝማኔ በተጫነበት ቀን ጀምሮ ከሆነ ላፕቶፑን ለመክፈት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የተጫነውን ፕሮግራም ወይም ዝማኔ አንሱት።

ጠለቅ ላለ መረጃ "ኢቨንት ቪወር" ውስጥ ገብታችሁ "ዊንዶውስ ሎግስ"፣ ቀጥሎ "ሲስተም" የሚለውን ተመልከቱ። "ከርነል ፓወር 41" የሚል ቀይ ምልክት ማግኘታችሁ አይቀርም። ብዙ ሰው "ፓወር" የሚለውን አይቶ ቻርጀር ሊገዛ ይሮጣል። ይህ መዝገብ የሚለው ግን ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ እንደገና ተነሳ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። የሃርድዌር ጥቆማ የሚሰጠው "ደብሊው ኤች ኢ ኤ ሎገር" የሚባለው ነው። እሱ ካለ ዝርዝሩን አንብቡት፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውን ወይም ሌላ ክፍል ሊጠቅስ ይችላል።

ከዊንዶውስ ውጭ ፈትኑት

ላፕቶፑን አስነስታችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡና ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያው ተዉት። ባዮስ ውስጥ ሳለ ዊንዶውስ አልተነሳም፤ ድራይቨርም ቫይረስም የለም። እዚያም ከጠፋ ፎርማት ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

ባዮስ ላይ ካልጠፋ ገና አልተለየም፤ ባዮስ ማሽኑን ብዙም አያሠራውምና። ስለዚህ ኡቡንቱ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም ፍላሽ ላይ ጫኑና ዲስኩ ላይ ሳትጭኑት በሙከራ መልክ ከፍላሹ አስነሱት። ቪዲዮ ክፈቱ፣ ብዙ ገጽ ክፈቱ፣ አሠሩት። እዚህም ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ሃርድዌር በጣም ያጋድላል። ካልጠፋ ዊንዶውሱ ወይም ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን ግን ከጥርጣሬ አታውጡት፤ ከፍላሽ የተነሳ ሲስተም ዲስኩን እምብዛም አይነካውም።

ብዙ አምራቾች የራሳቸውን መፈተሻ አብረው ያስቀምጣሉ። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ12 ተጭናችሁ ዲያግኖስቲክስን ትመርጣላችሁ። ኤችፒ ላይ ኤፍ2 ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ማክ ላይ ሲነሳ ዲ ፊደልን ይዞ መቆየት ነው። በዚህ ፍተሻ የስህተት ቁጥር ከወጣ መዝግቡት፤ ዋስትናው ያላለቀ ላፕቶፕ ከሆነ ይህ ቁጥር ክርክር ያሳጥርላችኋል።

ሙቀት

ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና የፕሮሰሰሩን ሙቀት እያያችሁ ከባድ ሥራ ስጡት። ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ካልወረደ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። በከባድ ሥራ 80ዎቹ ውስጥ መግባት ለላፕቶፕ አዲስ ነገር አይደለም። ምንም ሳይሠራ 80 ከሆነ ግን ችግር አለ።

አልጋና ትራስ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ያንን ተዉና እዩት። ሥሩ ያለው የአየር መግቢያ ይዘጋል። ከዚያ ፋኑ መዞሩን በጆሮአችሁ አረጋግጡ። የታሸገ የአየር መንፊያ ካላችሁ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ አቧራውን ንፉ። የታች ክዳኑን መክፈት ከቻላችሁ የተሻለ ነው፤ ፋኑ በኃይል እንዳይሽከረከር በእንጨት ነገር ያዝ አድርጉት። የቤት መጥረጊያ ቫክዩም አትጠቀሙ፤ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል።

አቧራው ተነስቶም ሙቀቱ ካልወረደ፣ ላፕቶፑም ዕድሜ ካለው፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሠርታችሁ ካላወቃችሁ ይህን ለባለሙያ ተዉት። ብሎኖቹ ተመጣጥነው ካልጠበቁ ሌላ ችግር ያመጣሉ።

ባትሪና ቻርጀር

የታች ክዳኑ ተነፍቷል? ታችፓዱ ወደ ላይ ገፍቷል? ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ አይወጋም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሌላውን ፍተሻ ሁሉ ትታችሁ ባትሪውን የሚያወጣ ባለሙያ ፈልጉ።

ካላበጠ ለይታችሁ ፈትኑ። አንድ ጊዜ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ አሠሩት። ሌላ ጊዜ ባትሪውን አውጥታችሁ በቻርጀር ብቻ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማለቴ ነው። በባትሪ ብቻ ሲሆን 30 ወይም 40 በመቶ እያሳየ ድርግም የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል። ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን አወዳድሩ።

ቻርጀር ተሰክቶ ከባድ ሥራ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የቻርጀሩን ዋት አንብቡ። ከላፕቶፑ ጋር የመጣው 65 ዋት ሆኖ እናንተ 45 ዋት ከሰካችሁ ሥራ ሲበዛበት ኃይሉ አይበቃውም። ገመዱን መሰኪያው አጠገብ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት፤ የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ ገመዱ ወይም መሰኪያው ነው።

ራም

"ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ" ለመጀመሪያ ፍተሻ ይበቃል። ሲጀምር ኤፍ1 ተጫኑና "ኤክስቴንድድ" የሚለውን ምረጡ። እኔ የበለጠ የምተማመነው ግን ከፍላሽ በሚነሳው ሜምቴስት86 ነው። ነፃው አራት ዙር ይፈትሻል፤ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ማታ አስጀምራችሁት ተኙ። አንድ ስህተት እንኳ ቢወጣ "ትንሽ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ጤነኛ ራም ስህተቱ ዜሮ ነው።

ስህተት ሲገኝ ራሙን ለመግዛት አትሩጡ። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ላይ አላቅቁ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። እጃችሁን ብረት ነገር አስነኩ። ከዚያ ራሙን ነቅላችሁ እስኪቆልፍ ድረስ መልሳችሁ ሰኩትና ድገሙት። አንዳንዴ ችግሩ መላላት ብቻ ነው። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስቀርታችሁ ፈትኑ፤ ከዚያ ሌላውን በዚያው ቦታ። ስህተቱ አንዱን ራም ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው። ሁለቱም በአንድ መሰኪያ ላይ ብቻ ከተሳሳቱ መሰኪያው ነው። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ይህ አይሠራም።

ዲስክ

የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱ። ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ መጥፎ። "ሪአሎኬትድ ሴክተርስ" (ተበላሽተው በሌላ የተተኩ የዲስክ ክፍሎች) እና "ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር" (ለማንበብ ያስቸገሩ ክፍሎች) የሚሉት ቁጥሮች በየቀኑ እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ ወደ ሞት እየሄደ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያለው ሃርድ ዲስክ ላይማ ምንም ፍተሻ አታስኬዱ። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻና መጠገኛ) ማስኬድ የቀረውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። ፋይል ይወጣል፣ ዲስክ ይቀየራል።

ግራፊክስና ማዘርቦርድ

ስክሪኑ ላይ እንግዳ መስመርና ነጠብጣብ ከታየ ሌላ ሞኒተር ሰኩ። እዚያም ከታየ ግራፊክሱ ወይም ድራይቨሩ ነው። ላፕቶፑ ላይ ብቻ ከሆነ ስክሪኑ ወይም ገመዱ ነው።

ማዘርቦርዱን የሚያስጠረጥረው ሌላው ሁሉ ነፃ ሲወጣ ነው። "ማዘርቦርድ ነው" ያላችሁ ባለሙያ ካለ ራሙን በሌላ ራም፣ ቻርጀሩን በሌላ ቻርጀር ሞክሮ እንደሆነ ጠይቁት። ማስታወሻችሁን፣ የስህተቱን ፎቶና የሜምቴስቱን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ባዮስ ማዘመን የሚል ምክር ከመጣ ደግሞ ላፕቶፑ እየጠፋ ሳለ አትንኩት። ዝማኔው መሀል ላይ ከጠፋ ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል።

ዕቃ ከተቀየረ በኋላ ስህተቱን ያወጣውን ያንኑ ፍተሻ ድገሙ። በሜምቴስት ከተያዘ በሜምቴስት፣ በከባድ ሥራ ከጠፋ በዚያው ሥራ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ባይሆን እንኳ ዕቃው የሚመለስበት ጊዜ ከማለፉ በፊት ይሁን።