ሰዓቱ ቻርጅ አልቀበል ሲል፦ ባትሪውን ከመቀየራችሁ በፊት

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ስልክና ስማርት ሰዓት እጠግናለሁ። አሁን አሁን ስማርት መነጽርም ብቅ ማለት ጀምሯል። «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ሰዓት የአብዛኛው ባትሪ ጤነኛ ነው። ሶኬት መቀየሩን፣ አጥፍቶ ማብራቱን ሞክራችኋል ብዬ ልቀጥል።

የኬብሉ ማግኔት ይይዛል፣ ቻርጅ ግን አይገባም፤ ወይም ገብቶ ይቋረጣል

ምክንያቱ ላብ ነው። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ላብ ጨው አለው። ሰዓቱን ከእጃችሁ አውልቃችሁ ጀርባው ሳይደርቅ ኬብል ስትሰኩበት፣ ኤሌክትሪኩ በዚያ ጨዋማ እርጥበት ውስጥ ያልፋል። የፒኑን (ቻርጅ የሚያልፍበትን ትንሽ የብረት ነጥብ) ቅብ ይበላና ከሥሩ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው። አንዳንዴ ዝገቱ በባዶ ዓይን አይታይም።

አንድ የባጃጅ ሹፌር መጣ። «ወንድሜ፣ ይሄ ሰዓት ባትሪ ይበላል» አለኝ። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ባትሪ አስቀይሯል። ጀርባውን በአጉሊ መነጽር ሳየው ፒኖቹ ጠቁረዋል። አሥር ደቂቃ አጸዳሁት፣ ቻርጅ ገባ። በጣም ተናደድኩ። የሁለት ባትሪ ዋጋ በከንቱ ወጥቷል። በዚያ ላይ ሰዓቱ ሁለቴ ተከፍቶ ሙጫው በደንብ ስላልታሸገ፣ ከእንግዲህ ውሃ አይችልም።

ሰዓቱን አጥፉ። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ የሰዓቱን ጀርባ አሹት። የኬብሉን ፒኖች ደግሞ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በአልኮል አርሳችሁ ቦርሹ። የኬብሉን ፒን በጥፍር ጫን ስታደርጉት ተመልሶ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ኬብሉን ቀይሩ። ዝገቱ ከጠነከረ በላጲስ ቀስ አድርጉ። በምላጭ አትፋቁ! በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉ! የቀረው ቅብ ይነሳና በወሩ ትመለሳላችሁ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሰክታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ባትሪው ጭልጥ ብሎ ካለቀ ስክሪኑ ቶሎ አይበራም። ቴስተር ያለው ሰው የኬብሉን ፒን ይለካ፤ ወደ 5 ቮልት ካነበበና ሰዓቱ አሁንም ዝም ካለ፣ ያኔ ስለ ባትሪ እናውራ።

የጓደኛ ኬብል ሰክታችሁ ሰዓቱ ከጋለ

ወዲያው ንቀሉ። ባለ ሁለት ፒን ኬብሎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የአንዱ ፒኖች 2.84 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ የሌላው 4 ሚሊሜትር። ርቀቱ እንኳ ቢገጥም ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሊገለበጥ ይችላል። አንድ ተማሪ የዶርም ጓደኛውን ኬብል አንድ ሌሊት ሰክቶ አድሮ ቦርዱ ተቃጥሎ መጣልኝ። ላድነው አልቻልኩም። «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ኬብል የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ሶደሬ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ስክሪኑ ከውስጥ ጉም ከያዘ

«አይፒ 68» የሚለው ውሃ ይችላል የሚል ምልክት ለፍል ውሃ አይሠራም። ፈተናው የሚደረገው በተራ ንጹህ ውሃ ነው። ሙቀቱ ሙጫውንና ላስቲኩን ያላላል፣ ውሃው ይገባል። አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸውን ሰዓት አድርገው ፍል ውሃ ገብተው ነበር። «ልጄ፣ ውሃ አይነካውም ብላኝ ነበር» አሉኝ። ሩዝ ውስጥ ሦስት ቀን አስቀምጠውታል። ሩዝ ቦርድ ላይ የቀረውን ጨው አያወጣም፤ ሦስቱ ቀን ዝገቱን አባባሰው። አጥፉት፣ ቻርጅ ፈጽሞ አትሰኩ፣ በዚያው ቀን ለጠጋኝ አድርሱት።

ስማርት መነጽሩ ኬዙ ውስጥ ቻርጅ ካላደረገ

ያው ነው፣ ላብና ቅባት። መገናኛ ነጥቡ አንዳንዱ ላይ አፍንጫ ላይ ከሚያርፈው ክፍል አጠገብ ነው፣ ሌላው ላይ እጀታው ላይ። መነጽሩንም የኬዙንም ፒን አጽዱ። አልኮሉ ሌንሱን እንዳይነካ፣ ቅቡን ያበላሻል። ብዙዎቹ አይፒኤክስ 4 ናቸው፤ ፍንጣሪ ይችላሉ፣ መነከር አይችሉም። ቀትር ላይ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ።

ብሉቱዝ እየተቋረጠ ካስቸገረ፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ የሰዓቱን አፕ እየዘጋው ይሆናል፤ ሴቲንግ ገብታችሁ ገደቡን አንሱለት።

ስክሪኑ ከቦታው ተነስቶ ካበጠ ባትሪው አብጧል። መልሳችሁ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ አትሰኩበት፣ እንደዚያው አምጡት።