የቼዝ ፕሮግራምን እንዴት እንግጠመው?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆችን ቼዝ አስተምራለሁ። አዲስ የመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ስልኩን ማሸነፍ ይቻላል?»

ቁርጡን ልንገራችሁ። በሙሉ አቅሙ፣ በእኩል ጠጠር ከገጠማችሁት አይቻልም። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ የተባለውን የቼዝ ኮምፒውተር በ1996 እ.ኤ.አ. 4 ለ 2 ረታው። በዓመቱ ግን 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለ ፕሮግራም ጋር ሲጫወት በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ የሚሸነፍበት) ሳያይ ቀረ። ማሽን እንዲህ ያለው አያመልጠውም። አይደክመውም፣ አይደነግጥም። ዛሬ ስልክ ላይ የሚሠራው ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ደግሞ ከዲፕ ብሉ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ አገጣጠሙን ቀይሩት። ሊቼስ የተባለውን የቼዝ መተግበሪያ አውርዱ፤ ነፃ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ከኮምፒውተሩ ጋር ያጫውታል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተለያዩ ደረጃዎች አሉት፤ ከታች ጀምሩ። ልብ በሉ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ሆን ብሎ ይሳሳታል። ደህና ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ፈረሱን በነፃ ይሰጣችኋል። ያንን እየጠበቁ መጫወት ክፉ ልማድ ነው፤ ሰው እንዲያ አይሳሳትም።

እኔ የምወደው ሌላውን መንገድ ነው። በድረ ገጹ የቦርድ ማስተካከያ ላይ የኮምፒውተሩን ንግሥት አንሱና በከፍተኛው ደረጃ ግጠሙት። መጀመሪያ ያሸንፋችኋል፤ አይዟችሁ። የእናንተ ሥራ መለዋወጥ ነው፦ ፈረስ በፈረስ፣ ሩክ በሩክ። ቦርዱ ላይ ጠጠር ባነሰ ቁጥር ብልጫችሁ ይጎላል። ወታደሮቻችሁን ግን ያዙ፤ መጨረሻ ላይ ንግሥት የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ተጋጣሚያችሁን እዩት። ንጉሣችሁን የሚያሰጋ ቼክ አለው? የሚበላው አለ? ቀጥሎ ምን አስቧል? ይህን ሳያዩ ጠጠር መንካት የለም። ልጆቹን የምቆጣቸው በዚህ ብቻ ነው።

ያለ ንግሥት ከረታችሁት ንግሥቱን መልሱለትና ሩክ አንሱበት። በዚያ በኩል ያለውን የካስሊንግ (ንጉሡና ሩኩ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበት እርምጃ) ምልክት ማጥፋት አትርሱ። ከዚያ ፈረስ ብቻ። እዚህ ላይ ብዙ ትቆያላችሁ፤ ፈረስ ጎድሎበት እንኳ ጎበዝ ተጫዋችን ያስጨንቃል።

ስትሸነፉ ትንታኔውን ወዲያው አትክፈቱ። ጨዋታው የተበላሸበትን እርምጃ መጀመሪያ ራሳችሁ ፈልጉት፤ ከዚያ ከማሽኑ መልስ ጋር አስተያዩት። እርምጃ መመለሻውን ደግሞ ፈጽሞ አትንኩት።